በቀን 12 ወንበር

በድሬዳዋ ለአሰልጣኞች፣ ለወላጆችና ለባጃጅ ሹፌሮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።

እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። በተለይ ከኋላ የተቀመጣችሁ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ይህ ሰዓት የገበያ ሰዓታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የዛሬው ጉዳይ ያለ እናንተ ስለማይሆን ነው የጠራናችሁ።

የማወራው ስለ ታክሲ ብር ነው። አካል ጉዳተኛ ወጣቶቻችን ሙያ ሊማሩ ሲመጡ ከቤታቸው እስከ ማሰልጠኛው በር ድረስ የሚያወጡት ብር። በወረቀት ላይ «የትራንስፖርት ድጎማ» ይባላል። ስሙ ትንሽ ያስፈራል እንጂ ሁላችንም ጠዋት ጠዋት ከኪሳችን የምናወጣው ዝርዝር ብር ነው።

እኔ የልብስ ስፌት አሰልጣኝ ነኝ። ከሁሉም በፊት መዝገብ ላይ የጻፍኩትን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ስሟን አልጠራም። ከጉልበቷ በታች ሰው ሠራሽ እግር ነው ያላት። ቤቷ ገንደ ቆሬ ነው። እጇ ወርቅ ነበር። ኮሌታ መስፋት ሌላው ሰው በሦስት ሳምንት የሚለምደው ነገር ነው። እሷ በአራት ቀን ጨረሰችው። እኔ ራሴ የእሷን ሥራ ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳይቻለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት ቀረች። ሰኞ የለችም። ማክሰኞም የለችም። መዝገቡ ላይ ቀይ ምልክት አደረግሁ። የቀሪ ቀኗ ደንቡ ከሚፈቅደው ሲያልፍ ስሟን ሰረዝኩ። መዝገቡ ላይ «ያቋረጠችበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። «በግል ጉዳይ» ብዬ ሞላሁት። ገጹን ገለበጥኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ቀፊራ ገበያ ላይ አገኘኋት። ከእናቷ ጋር ቲማቲም ትሸጣለች። እናቷን ሰላም ብዬ «ምነው ልጄ፣ ምን አስቀየምንሽ?» አልኳት።

«ኧረ ቲቸር፣ እናንተ ምን ታስቀይሙኛላችሁ። ባጃጁ ነው» አለችኝ።

ቁጭ ብዬ ሰማኋት። መጀመሪያ እናቷ ከሽያጩ እየቀነሱ ይሰጧት ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝ ለመሄጃ ብቻ ሆነ። መመለሻውን በእግሯ ጀመረች። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ሰው ሠራሽ እግር ከላይ ጉቶው የሚገባበት ጥብቅ ቦታ አለው። እዚያ ውስጥ ላብ ሲጠራቀም ቆዳው ይፋቃል። የተፋቀው ይቆስላል። ቁስሉ እስኪድን ደግሞ እግሩን ማውለቅ ግድ ነው። ስለዚህ ክራንች ያዘች። በክራንች ደግሞ ያንን መንገድ መራመድ አይታሰብም። አሁን ለመሄጃም ለመመለሻም ባጃጅ አስፈለጋት። ብሩን ለመቆጠብ ስትል በእግሯ ሄደች፤ በእግሯ ስለሄደች ሌላ ብር መጣባት። በሰባተኛው ሳምንት ሁሉም ነገር አለቀ።

እኔ «በግል ጉዳይ» ብዬ ጽፌያለሁ። ምኑ ነው የግል? የቀረችው ከእኔ ክፍል ነው። ባዶ የቆመው የስፌት መኪና የመንግሥት ነው። የእኔ ደሞዝ በዚያ ወር ሳይቀነስ ተከፍሏል። የጠፋው በቀን ጥቂት ብር ነው፤ እሱ በመጥፋቱ ግን የቀረው ሁሉ ከንቱ ወጪ ሆነ።

ከዚያ ቀን በኋላ የድሮ መዝገቦቼን አወጣሁና «በግል ጉዳይ» የሚለውን መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘኋቸውን ልጆች ቤታቸው ሄጄ ጠየቅሁ። አንዷ አግብታ ሄዳለች። አንዱ ታሞ ነበር። የብዙዎቹ መልስ ግን ያው ነው፤ መንገዱ።

ይህች ከተማ እኮ ከመንገድ የተወለደች ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ሜዳ ላይ ባይቆም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ተራራው ከባድ ሆነና ሐዲዱ ከታች ቀረ። ስለዚህ እኛ ድሬዎች መጓጓዣ ምን እንደሚሠራ ሌላ ሰው እንዲነግረን አያስፈልግም። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጥቶ ሲሠራ ሁላችንም ምን አልን? «ባቡሩ ጥሩ ነው፣ ግን እዚያ ድረስ ማን ይወስደናል?» አላልንም? ለአንድ ቀን ጉዞ እንዲህ ካልን፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ለሚመላለስ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከተማችን ደግሞ ሁለት ናት። ከዚራ ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ አላት፤ ሜዳ ናት፤ ዛፍ አላት። ጥላ ለጥላ ዊልቸር መግፋት ይቻላል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ግቡ። መንገዱ ይጠባል፣ ይጠመዘዛል፣ ዕቃው አስፋልቱ ላይ ይዘረገፋል። መጋላን እወዳታለሁ፤ ያደግሁባት ናት። ግን ዊልቸር ይዞ ቀፊራን ማቋረጥ ምን እንደሚመስል የገፋ ሰው ያውቃል።

ደቻቱም ራሱ አለ። ደረቅ ሲሆን በአሸዋው ላይ አቋርጠን እንሄዳለን። ለክራንችና ለዊልቸር አሸዋ መንገድ አይደለም፤ ይውጣል። ክረምት ሲሆን ደግሞ እዚህ ፀሐይ እያለ ከደንገጎ በኩል የዘነበው ውኃ ድንገት ይመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብንን ሌሊት የረሳ ድሬ የለም። እሱን ያየች እናት ሰማዩ ሲጠቁር አካል ጉዳተኛ ልጇን ከቤት አታስወጣም። አልፈርድባትም። በዚያ ቀን በድልድዩ ዞሮ መምጣት ያስፈልጋል። አንድ ባጃጅ የነበረው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ የሐምሌ ወጪ ከኅዳር ወጪ ጋር አንድ አይደለም።

አሁን አብረን እንቁጠር። ብር አልጠራም፤ ታሪፍ ይለዋወጣል። በወንበር ነው የምንቆጥረው። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። አንዱ ሰው የያዘው ቦታ አንድ ወንበር ነው።

ቤቱ ራቅ ያለ ሰልጣኝ እንውሰድ። ለመድረስ ሁለት ባጃጅ ይቀያይራል። ጠዋት 2፣ ማታ 2። በቀን 4 ወንበር ይከፍላል። ልጁ መስማት የተሳነው ቢሆን ቁጥሩ ያው 4 ነው። እርግጥ እሱም የራሱ ጣጣ አለበት። «ወራጅ አለ» ማለት አይችልም። መውረጃው ያልፈዋል፤ መልስ ሳይሰጡት ይሄዳሉ። ግን በወንበር ከቆጠርን 4 ነው።

በዚያው መንገድ ላይ በዊልቸር የምትሄድ ልጅ እናስቀምጥ። ዊልቸሩ ታጥፎ ሲገባ ለሌላ ሰው ቦታ የለም። ሹፌሩ «ኮንትራት ነው» ይላል። አልተሳሳተም፤ እሱም ቀኑን የሚዘጋው በወንበር ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ልጅቷ በእያንዳንዱ ጉዞ ሦስቱንም ወንበር ትከፍላለች። 4 ጊዜ 3፣ 12።

አሁን ዓይነ ስውር ወጣት እናስቀምጥ። ገና አዲስ ነው፤ መንገዱን አልለመደም። ታናሽ ወንድሙ ይመራዋል። ወንድሙ ትምህርት ቤት ስላለበት አድርሶት ይመለሳል። ማታ ደግሞ ሊወስደው ይመጣል። እስቲ ቁጠሩ። ለሰልጣኙ 4 ወንበር። ለወንድሙ ሲያደርስ 2፣ ብቻውን ሲመለስ 2፣ ሊወስደው ሲመጣ 2፣ አብረው ሲመለሱ 2። 8 ሆነ። በድምሩ 12።

ይህን ቁጥር ያገኘሁት አንድ ማታ የቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

ብዙ ጊዜ የትራንስፖርት አበል ሲፈቀድ ለሁሉም እኩል ነው የሚፈቀደው። እኩል ስለሆነ ፍትሐዊ ይመስላል። አበሉ በቀን 4 ወንበር፣ በሳምንት ለአምስት ቀን 20 ወንበር ይሸፍናል እንበል። በዊልቸር የምትመጣው ልጅ ሰኞ 12 ትጨርሳለች። 8 ይቀራታል። ማክሰኞ ለመምጣት 6 ትከፍላለች። 2 ቀራት። ማክሰኞ ማታ መመለሻ የላትም። ድጎማው ወደ ማሰልጠኛው አመጣትና እዚያው ጥሏት ሄደ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው ይህንን ሲሰማ «በጎ አድራጊ እንፈልግላት» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ግን ጉዳዩ የልመና ጉዳይ አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በእኛ 1947 ዓ.ም.፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ አካል ጉዳተኞች የሙያ ተሃድሶ፣ ማለትም ሙያ ተምረው ሥራ እንዲይዙ ስለሚደረግ ድጋፍ፣ ምክረ ሐሳብ ቁጥር 99ን አወጣ። ለሰልጣኞች ሊደረግ የሚገባውን የገንዘብ እርዳታ ሲዘረዝር ነፃ ስልጠናውን፣ የመተዳደሪያ አበሉን፣ የሥራ መሣሪያውን፣ ሰው ሠራሽ አካሉን ይጠራል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ በስልጠናው ጊዜ የሚወጣው የጉዞ ወጪ አለ። ከመርፌውና ከመቀሱ ጋር አንድ ላይ ነው የተጻፈው። በኋላ የመጣውን ስምምነት ቁጥር 159ን ደግሞ አገራችን በ1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አጽድቃለች።

በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ነገር እንዲዘገይ ምክንያት ሆናለች። ወደ እሷ እመለሳለሁ። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 26 ደግሞ የተሃድሶ አገልግሎት ሰዎች ለሚኖሩበት አካባቢ በተቻለ መጠን ቅርብ እንዲሆን ይጠይቃል። ማሰልጠኛውን ወደ ገንደ ቆሬ ማምጣት ካልቻልን ልጅቷን ከገንደ ቆሬ ማምጣት አለብን።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም አለ፤ ቁጥር 624/2001። የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አስገድዷል። በዚህ ምክንያት በብዙ በሮች ላይ ራምፕ፣ የዊልቸር መወጣጫ፣ ተሠርቷል። ደስ ይላል። ግን አዋጁ የሚጀምረው ከበሩ ነው። እስከ በሩ ያለውን መንገድ የሚመለከት ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

የሌላ አገር አሠራር ልንገራችሁ፤ ለመቅናት ሳይሆን ለመማር። በአሜሪካ የሙያ ተሃድሶ ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 1920 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የተሃድሶ ሕግ ነው። በዚያ ደንብ ትራንስፖርት ራሱን ችሎ ከተዘረዘሩት አገልግሎቶች አንዱ ነው። ግን ብቻውን አይሰጥም። ከሌላ አገልግሎት ጋር፣ ማለትም ከስልጠናው ወይም ከሕክምናው ጋር ተያይዞ ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ስልጠናው ካለ የታክሲ ብሩም አለ። ሁለተኛ፣ አብሮ የሚጓዘው ረዳት ወጪም ይሸፈናል። የወንድሙ 8 ወንበር እዚያ ይቆጠራል። ሦስተኛው ነገር በጣም የገረመኝ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት ብቻውን መጓዝን ለመማር የሚወጣው ወጪም እዚያው ውስጥ ይገባል። መንገድ መልመድ ራሱ ስልጠና ነው ማለት ነው።

ይህን ሳነብ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ማየት የተሳነው ነው፤ ሹራብ ሥራ ይማር ነበር። ቤቱ ለገሃሬ ነው። እናቱ በየቀኑ ያመጡታል፤ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልገው ተቀምጠው ይጠብቁታል። መመለሻ እንዳይከፍሉ ብለው ነው። አንድ ቀን «እማማ፣ ሥራ የለዎትም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንጀራ እጋግር ነበር፣ ተውኩት» አሉኝ። አንድ ልጅ ሙያ እንዲማር የእናቱ ሙያ ቆመ።

ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ነጭ በትር ይዘን ከልጁ ጋር መንገዱን መሄድ ጀመርን። ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። የት ጋ ቡና እንደሚቆላ፣ የት ጋ ብየዳ ቤት እንዳለ፣ የት ጋ ንፋሱ እንደሚለወጥ ልጁ እየነገረኝ እኔ ነኝ የተማርኩት። ባጃጅ ተራው ላይ ያሉት ልጆች ስሙን ለመዱት። በአራተኛው ሳምንት እናቱ ቤት ቀሩ። ወጪው ከ8 ወንበር ወደ 4 ወረደ። እንጀራ ምጣዱም ተመልሶ ተጣደ። «ገንዘብ የለም» ለሚሉ ሰዎች ይህንን ነው የምነግራቸው። በመጀመሪያው ወር ለመንገድ ልምምድ የምታወጡት ብር የቀሩትን ወራት ያረክሳል።

ሁሉም ግን እንዲህ አይሆንለትም። በዊልቸር የምትሄደው ልጅ የፈለገችውን ያህል ብትለማመድ 12ቱ 12 ነው። ይህን የሚለውጠው ዊልቸር የሚገባበት መኪና ሲመጣ ብቻ ነው። እስከዚያ መክፈል አለብን።

አሁን ወደ ፋይናንስ ቢሮ እንግባ። ድጎማ ተፈቀደ እንበል። አሠራሩ ምን ይላል? «መጀመሪያ ከኪሳችሁ ክፈሉ፣ ደረሰኝ አምጡ፣ በወሩ መጨረሻ ይተካላችኋል።» እስቲ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ደረሰኝ የሚሰጥ ከመካከላችሁ አለ? የለም። ልጁ ዛሬ ብር ስለሌለው ነው ድጎማ የጠየቀው። ከኪስህ ከፍለህ በወር መጨረሻ ና ማለት ብር ላለው ሰው የተሠራ መንገድ ነው። በአንድ ማሰልጠኛ የሆነውን አውቃለሁ። ለትራንስፖርት የተያዘ በጀት ነበር። ደረሰኝ ማምጣት የቻለ ስለጠፋ ብሩ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ ሆነ። በሪፖርቱ ላይ «ፍላጎት አልነበረም» ተብሎ ተጻፈ። ያንን ሪፖርት ሳነብ «በግል ጉዳይ» የምትለዋ የራሴ ጽሑፍ ትዝ አለችኝና አፈርኩ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የየመስመሩ ታሪፍ የታወቀ ነው። የልጁ ቤት የት እንደሆነ የቀበሌ መታወቂያው ይናገራል። ስንት ባጃጅ እንደሚቀያይር አብሮ ሄዶ ማየት ይቻላል። ወንበሩን ቆጥሮ፣ በታሪፉ አባዝቶ፣ ሳምንቱ ሳይጀምር በቴሌብር መላክ ነው። ማረጋገጫው የተገኘበት ቀን ነው፤ የእኔ መዝገብ ደረሰኝ ይሁን። ቀሪ ቀን ካለ ከሚቀጥለው ሳምንት ይቀነስ።

በቴሌብር አይቻልም የሚል ካለ ነዳጁን ያስታውስ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አጠቃላይ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር ለሕዝብ ትራንስፖርት «የታለመ ድጎማ» የሚባለው መጣ። ታርጋ ተመዘገበ፣ ክፍያው በቴሌብር ሆነ። የነዳጅ ድጎማ ለተሽከርካሪ በስልክ መስጠት ከተቻለ ለሰልጣኝም ይቻላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ያ ድጎማ የሄደው ለተሽከርካሪው ነው። ሐሳቡ ታሪፍ እንዳይንር፣ ተሳፋሪው እንዲጠቀም ነው። ጥሩ። ግን ታሪፍ ያለው በወንበር ለሚሳፈር ሰው ነው። ኮንትራት ድርድር ነው። በዊልቸር የምትሄደው ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ኮንትራት ናት። ስለዚህ ያ ጥቅም እሷ ጋ ሲደርስ በጣም ይሳሳል።

ሰውን ወደ ሥራው ለማድረስ መንግሥት መክፈሉ አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞች በነፃ የሚሳፈሩበት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለ። ሠራተኛው በሰዓቱ እንዲገባ ነው። ሰልጣኛችንም በሰዓቱ ይግባ ነው የምንለው።

ሁለት ተቃውሞዎችን በቅንነት ላንሳ። ብዙ ጊዜ ስለሚነሱ ዝም ብዬ አላልፋቸውም።

አንደኛው «ብሩን ለሌላ ነገር ያውሉታል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይሆናል። አይቻለሁ። አንድ ልጅ የታክሲ ብሩን ለእናቱ ዳቦ መግዣ ሰጥቶ በክራንች አምስት ቀን ተመላልሷል። ስጠይቀው «ቲቸር፣ ታናናሾቼ ሳይበሉ እኔ በባጃጅ ልሂድ?» አለኝ። ምን ልበለው? ቤት ውስጥ ዳቦ ከሌለ የታክሲ ብር ዳቦ ይሆናል። ይህ የልጁ ጥፋት ሳይሆን የአበሉ ማነስ ነው። ለዚህ ነው ለአንዳንዶቹ በእጅ ከመስጠት ከባጃጅ ማኅበር ጋር በወር መዋዋል የሚሻለው። ለሁሉም አይደለም። ብሩን ራሱ የሚያስተዳድርን ጎልማሳ እንደ ሕፃን ማየትም ነውር ነው። ልጆቹን እንጠይቃቸው፤ የሚሻለውን እነሱ ይነግሩናል።

ሁለተኛው «አካል ጉዳት የሌለበት ድሃ ሰልጣኝስ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካኛል። እውነቱን ለመናገር ለእሱም ቢሰጥ ደስ ይለኛል። በእግሩ የሚመጣ የድሃ ልጅ ላብ ላብ ነው። ግን ብሩ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ 12 ወንበር ካለው እንጀምር። በእግሩ መምጣት የሚችል ልጅ ቢደክምም ይደርሳል። የኔዋ ልጅ በእግሯ መጥታ ቆሰለች።

ስለ ገጠር ልጆችም ባጭሩ። ከዋሂል፣ ከቢዮ አዋሌ፣ ከጀልዴሳ በኩል የሚመጡ አሉ። ለእነሱ በየቀኑ መመላለስ ብሎ ነገር የለም። ለእነሱ ትራንስፖርት ማለት ከተማ ውስጥ ማደሪያ ነው። ድጎማው የቤት ኪራይን ካልቆጠረ ለእነሱ እንደሌለ ቁጠሩት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ መጨረሻው ነው። በሙያ ስልጠና አሠራራችን ሰልጣኙ የትብብር ስልጠና ይወጣል። ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ጋራዥ፣ ወደ ስፌት ቤት ሄዶ በተግባር ይማራል። አበሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰላው እስከ ማሰልጠኛው ግቢ ነው። ልጅቷ ሳቢያን ትኖራለች፣ ማሰልጠኛው ከዚራ ነው፣ ለትብብር ስልጠና የተመደበችው መልካ ጀብዱ ያለ ፋብሪካ ነው። መንገዱ ሲረዝም አበሉ ባለበት ቆመ። ከዚያ ሥራ ታገኛለች እንበል። የመጀመሪያው ደሞዝ እስኪደርስ 30 ቀን አለ። በእነዚያ 30 ቀናት በምን ትሂድ? ሁለት ሰልጣኞቼ ሥራ አግኝተው ወሩ ሳይሞላ ጥለው ተመልሰዋል። ስንፍና አልነበረም። አዋጅ 568/2000 በሥራ ቦታ አካል ጉዳተኛን ማግለል ከልክሏል፤ አሠሪው በሩን ከፈተላቸው። በሩ ጋ የሚያደርሳቸው ግን አጡ። ስለዚህ ድጎማው የመጀመሪያው ደሞዝ እጅ እስኪገባ ይቀጥል ነው የምለው። አንድ ወር ብቻ ነው።

«አቅም በፈቀደ መጠን» ወዳልኩት ልመለስ። አቅም ብር ብቻ አይደለም። ምንም ብር የማያስወጡ ነገሮች አሉ። ለምሳሌ ሰዓት። እኔ ክፍሌን 2 ሰዓት ላይ ነበር የምጀምረው። በ1 ሰዓት ተኩል ባጃጅ ተራ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፤ ሁሉም ይሽቀዳደማል። በዚያ ግርግር ዊልቸር ለማጠፍ የሚቆም ሹፌር የለም። ክፍሉን ወደ 3 ሰዓት አዛወርኩት። በ2 ሰዓት ተኩል ተራው ረገብ ይላል። ሹፌሮቹ ይወርዳሉ፣ ያግዛሉ፣ በዋጋም ይለሳለሳሉ። አንድ ብር አላወጣሁም። ማርፈድ ግን በግልጽ ቀነሰ። ለምን ከዓመታት በፊት እንዳላሰብኩት አላውቅም።

አሁን እናንተን፣ ሹፌሮቹን፣ ላናግር። አቦ፣ ድሬ ውስጥ ደግ ሹፌር ሞልቷል። ሰልጣኞቼን በነፃ ያደረሳችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ ልጆቹ ነግረውኛል። ነፃ ግን አልጠይቃችሁም። እናንተም ቤተሰብ አላችሁ፣ ነዳጅ ትሰለፋላችሁ፣ የባጃጅ ጎማ ዋጋ የት እንደደረሰ ሰምቻለሁ። የምጠይቃችሁ ውል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋትና ማታ፣ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ዋጋ። ክፍያው ሳምንቱ ሳይጀምር ይገባላችኋል። ለእናንተም በየቀኑ የተረጋገጠ ሥራ ነው። ሦስት ልጆች በአንድ መስመር ላይ ካሉ ደግሞ ሦስቱ ወንበር በእነሱ ይሞላል፤ ያኔ ኮንትራቱ ለእያንዳንዳቸው የአንድ ወንበር ዋጋ ይሆናል። ዊልቸር ካለ አይሆንም፤ ለክራንችና ለነጭ በትር ግን ይሆናል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲቀር ዝም አትበሉን። «ታሞ ነው» አትበሉን። የታክሲ ብር ካለቀ «የታክሲ ብር አለቀ» በሉን። ማፈር ያለብን እኛ ነን።

አሰልጣኞች፣ ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ሦስት ጥያቄ ጨምሩ። በምን ትመጣለህ? ስንት ትቀያይራለህ? ከማን ጋር? እኔ በብዕር ጨምሬ ጀምሬያለሁ። «ያቋረጠበት ምክንያት» የሚለውንም ቤታቸው ሄጄ ሳልጠይቅ አልሞላውም።

ያቺ የገንደ ቆሬ ልጅ በሚቀጥለው ዙር ስሟ ተመዝግቧል። ቁስሏ ድኗል። ከቤቷ እስከ ማሰልጠኛው ያለውን መንገድ ባለፈው ሳምንት አብረን ሄደን ቆጥረናል።

ስትወጡ በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። ሹፌሮች የምትሠሩበትን መስመርና ስልካችሁን ጻፉልን። ለገንደ ቆሬ ሁለት ሰው ተመዝግቧል። ለሳቢያን አንድ አለ። ከመልካ ጀብዱ የሚመጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ ለእሱ መስመር እስካሁን ማንም አልጻፈም።